ድልድዩ ይቅደም፦ የሥራ ባልደረቦችዎን አመኔታ እንዴት ያገኛሉ?

የሚመሩት ሦስት ሰው ይሁን ሠላሳ፣ ይህ ጽሑፍ እርስዎን ይመለከታል። ምናልባት ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ቢሮ የሥራ ሂደት ያስተባብራሉ። ምናልባት ዱራሜ ላይ ርዕሰ መምህር ነዎት። ወይም ሾኔ ላይ መድኃኒት ቤት፣ ሺንሺቾ ላይ ምግብ ቤት ከፍተው ጥቂት ሠራተኞች ቀጥረዋል። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ጠርተው አዲሱን እቅድ ያስረዳሉ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ የሚናገር የለም። «እንግዲያው ተግባብተናል» ብለው ስብሰባውን ይዘጋሉ።

እውነተኛው ስብሰባ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቡና ላይ፣ በረንዳ ላይ፣ ማታ በስልክ። እቅዱ የት ላይ እንደሚሰናከል በትክክል የሚያውቀው ሰው እዚያ ይናገራል። ለእርስዎ ግን አልነገረዎትም። ከአንገት በላይ «እሺ» ብሎ፣ የቀረውን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ነው የወጣው። ከሦስት ወር በኋላ ሥራው ሲበላሽ «ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» ብለው ይቆጣሉ። መልሱ አጭር ነው፤ አላመኑዎትም።

ሰው የሚያምነው ስላዘዙት ወይም ስለለመኑት አይደለም። አመኔታ የሚገኘው እርስዎ የሚፈልጉትን ከመጠየቅዎ በፊት እነሱ የሚፈልጉትን ጠይቀው፣ ከሰሙት ውስጥ የሚችሉትን በተግባር ሲያሳዩ ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከምባታ ውስጥ የተሠራ አንድ ድልድይ ይበቃናል።

ከንግግሩ በፊት ድልድይ

ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት ከምባታ ውስጥ ነው። በልጅነታቸው ውኃ ልትቀዳ ወጣች ሲባል ከቤተሰብ ተደብቀው ፊደል የቆጠሩ ሴት ናቸው። ትምህርታቸው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ወሰዳቸው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1997 (እ.ኤ.አ.) ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ኬኤምጂ በሚል ምህጻር የሚታወቀውን ድርጅት መሠረቱ። ሙሉ ስሙ የከምባታ ሴቶች ጉልበታቸውን አስተባብረው በጋራ ሲሠሩ የሚል ትርጉም አለው። ስሙ ራሱ ስለ ቡድን ሥራ ይናገራል።

ዓላማቸው ከባድ ነበር። የሴት ልጅ ግርዛትን ማስቀረት፣ ስለ ኤችአይቪ ኤድስ በግልጽ መነጋገር፣ የጠለፋ ጋብቻን ማስቆም። እነዚህ ጉዳዮች በዚያ ዘመን በአደባባይ የሚነሱ አልነበሩም። ከአሜሪካ የመጣች አንዲት ሴት ተነሥታ ስታነሳቸው ደግሞ ጆሮ ማግኘቷ የበለጠ ያጠራጥራል።

ዶክተር ቦጋለች ስለ ኤችአይቪ መናገር ሲጀምሩ ሕዝቡ የራሱን ችግር ነገራቸው። ድልድይ ስለሌለ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ ለመድረስ ይቸገሩ ነበር። ድልድይ በእሳቸው ፕሮግራም ውስጥ አልነበረም። «እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው» ማለት ይችሉ ነበር። ግን አላሉም። ገንዘብ አፈላለጉ፣ ከሕዝቡ ጋር ተባበሩ፣ ድልድዩም ተሠራ። ከዚያ በኋላ የእሳቸው ነገር መሰማት ጀመረ።

ቀጥሎ የመጣውም የስብከት ዘመቻ አልነበረም። ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች፣ ወንዶችና ሴቶች በየመንደሩ ተቀምጠው የሚወያዩበት «የማኅበረሰብ ውይይት» የሚባል አሠራር ተዘረጋ። መደምደሚያው ላይ የሚደርሰው ሕዝቡ ራሱ ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) አንዲት ያልተገረዘች ወጣትና እጮኛዋ በብዙ ሕዝብ ፊት ተጋቡ። ሙሽራዋ አለመገረዟን፣ ሙሽራውም በዚህ ደስተኛ መሆኑን በአደባባይ አሳወቁ። ዛሬ ቀላል ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም የሚለው ፍርሃት ቤተሰብን ሁሉ አስሮ ይዞ ነበር። ያን ፍርሃት ከብዙ ንግግር ይልቅ ሁለት ሰዎች በተግባር ሰበሩት።

በከምባታ ሁሉን አቀፍ የነበረው ግርዛት ከ3 በመቶ በታች መውረዱ በሰፊው ተዘግቧል። ዶክተር ቦጋለችም በ2013 (እ.ኤ.አ.) የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦድዊን የአፍሪካ ልማት ሽልማት ተቀበሉ። ያረፉት ጥቅምት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው።

እርስዎ በቢሮዎ ውስጥ ዘመናት ያስቆጠረ ልማድ እንዲለውጡ አይጠበቅብዎትም ይሆናል። የመንገዱ ቅደም ተከተል ግን ያው ነው። መጠየቅ፣ የተጠየቁትን መፈጸም፣ ማወያየት፣ ከዚያም ቀድሞ የሚደፍረውን ሰው ማክበር። ብዙ አለቆች ከመጨረሻው ይጀምሩና «ሠራተኛው ለውጥ አይወድም» ብለው ያማርራሉ።

የእርስዎ ቢሮ ድልድይ የትኛው ነው?

አዲስ ኃላፊነት ሲረከቡ፣ ወይም ከነበረው ቡድን ጋር እንደ አዲስ ለመጀመር ሲፈልጉ፣ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ያነጋግሩ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጥያቄውም አንድ ነው፤ «ሥራህን በየቀኑ የሚያከብድብህ ነገር ምንድን ነው?» እየሰሙ ይጻፉ። ለመከላከል አይቸኩሉ። «እሱ እኮ የበጀት ጉዳይ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ለጊዜው ዋጥ ያድርጓት።

የሚሰሙት ነገር ብዙ ጊዜ ትንሽ ሆኖ ያገኙታል። የማይዘጋ መስኮት፣ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለ የመጋዘን ቁልፍ፣ ቀለም ያለቀበት ፕሪንተር፣ ጠዋት ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመጣ እናት የመግቢያ ሰዓት። ከእነዚህ መካከል በራስዎ ሥልጣን ሊፈቱት የሚችሉትን አንዱን ይምረጡና በዚያው ሳምንት ይፍቱት። አሥር ነገር ቃል ገብቶ ሁለቱን ከመፈጸም አንድ ነገር ቃል ገብቶ አንዱን መፈጸም ይበልጣል። የማይችሉትን ደግሞ «ይህን አልችልም፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ብለው ይንገሩ። ሰው እንቢታን ይችላል፤ የማይችለው ተስፋ ሰጥቶ መጥፋትን ነው።

ይህ ምክር በተለይ ለሆሳዕና ቢሮዎች ወቅታዊ ነው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት የክልሉ ቢሮዎች በተለያዩ ከተሞች ተደልድለዋል። ከሐዋሳ የተዛወረው፣ ከዞን ያደገውና አዲስ የተቀጠረው በአንድ ክፍል ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ቤተሰቡን ሌላ ከተማ ትቶ መጥቷል። እነዚህ ሰዎች ስለተመደቡ ብቻ ቡድን አይሆኑም። አንድ የሚያደርጋቸው አብረው የተሻገሩት ድልድይ ነው።

ከቅርጫው የምንማረው

በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ ሲደርስ የሚሆነውን ያስታውሱ። ወንዶች ለሰንጋው ገንዘብ፣ ሴቶች ለበዓሉ ቅቤ ከወራት በፊት ጀምረው በጋራ ያጠራቅማሉ። ለዚህ መዋጮ የሚቆጣ አለቃ የለም። የሥራ መቆጣጠሪያ ፎርም የለም። ሆኖም ሰው ከጎደለው ላይ ቀንሶ ያዋጣል። ለምን?

ደንቡን ሁሉም ያውቃል። ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለና ስንት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። ሰንጋው ሲታረድም ክፍፍሉ ዓይን እያየ ነው። የቅርጫ ሥጋ ሲመደብ መዳቢው መርጦ አይወስድም፤ ዕጣ ይወጣል። ስለዚህ መዳቢው መደቦቹን አስተካክሎ መመደብ ለራሱም ይጠቅመዋል። ማንም ተበደልኩ ብሎ ወደ ቤቱ አይገባም።

አሁን ወደ ቢሮዎ ይመለሱና የውሎ አበል ያለው የመስክ ሥራ እንዴት እንደሚመደብ ያስቡ። ሥልጠና ሲመጣ ማን እንደሚላክ፣ የበዓል ፈረቃ ማን ላይ እንደሚወድቅ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ማን እንደሚያገኝ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የቡድንን መንፈስ የሚገድለው የደመወዝ ማነስ ብቻ አይመስለንም። «ሁልጊዜ እነ እገሌ ናቸው የሚሄዱት» የምትለው ሹክሹክታ ናት። ምደባዎ ፍትሐዊ ቢሆን እንኳ ካልታየ አይታመንም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የመስክና የሥልጠና ተራ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ባለፈው ማን እንደሄደ፣ ቀጣዩ ማን እንደሆነ ይታይ። ከተራው ውጭ አንድ ሰው ለሙያው ሲባል መላክ ካለበት ምክንያቱን በሁሉም ፊት ይንገሩ። የራስዎ ስምም ከዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፤ መዳቢው መርጦ አይወስድማ!

በአካባቢያችን አንድ ጉዳይ ደግሞ በግልጽ መነሣት አለበት። በእነዚህ ከተሞች በአንድ ክፍል ውስጥ ሀዲይሳ፣ ከምባትሳ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛና ወላይትኛ የሚናገሩ ሰዎች አብረው ይሠራሉ። በራስ ቋንቋ መጫወት ደስ ይላል፤ መብትም ነው። ነገር ግን ስለ ሥራ ሲወራ በክፍሉ ያለ አንድ ሰው የማይሰማው ቋንቋ ከሆነ፣ ያ ሰው ስለ እሱ የሚወራ ይመስለዋል። የሥራ ጉዳይ ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ይሁን። ዘመድዎ ወይም የአገርዎ ልጅ በቡድንዎ ውስጥ ካለ ደግሞ እሱን የሚመዝኑበት ሚዛን ከሌላው እንዳይቀል ይጠንቀቁ። ሌሎቹ ሚዛኑን በየቀኑ ያዩታል።

ስህተቷን ማን ይነግርዎታል?

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ አሜሪካዊት በሀርቫርድ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ በሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጠኑ። ጥሩ የሚመራና እርስ በርሱ የሚግባባ ቡድን ያነሰ ስህተት እንደሚኖረው ጠብቀው ነበር። ውጤቱ ተገልብጦ መጣ። ጥሩ በሚባሉት ቡድኖች የተመዘገበው ስህተት ይበልጥ ነበር። ምክንያቱን ሲመረምሩ ነገሩ ተገለጠ። በእነዚያ ክፍሎች ያሉ ነርሶች ስህተትን ሳይፈሩ ይናገራሉ፤ በሌሎቹ ግን ይደበቃል። ጉግል ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 180 ያህል የራሱን ቡድኖች ሲያጠናም ለቡድን ስኬት ከሁሉ በላይ ወሳኝ ሆኖ ያገኘው ይኸው ሳይሳቀቁ የመናገር ነፃነት ነው።

ይህን ወደ እኛ እናምጣው። በመድኃኒት ቤትዎ የምትሠራ ወጣት ለአንድ እናት የተሳሳተ መጠን ጽፋ እንደሰጠች ከሰዓት በኋላ ትዝ ይላታል። ሁለት ምርጫ አላት። ወዲያው ነግራዎት በሽተኛዋ ተፈልጋ ትገኛለች። ወይም «ጎመን በጤና» ብላ ዝም ትላለች፤ ምንም እንዳይሆን እየጸለየች ታድራለች። የትኛውን እንደምትመርጥ የሚወስነው ያለፈው ወር ጓደኛዋ ስትሳሳት እርስዎ ያሳዩት ፊት ነው። እዚህ ላይ አመኔታ የሰው ሕይወት ነው።

ስለዚህ ሰው ስህተቱን ይዞ ሲመጣ ከአፍዎ የምትወጣውን የመጀመሪያ ቃል አስቀድመው ያዘጋጁ። «ማን ነው ይህን ያደረገው?» ከማለት ይልቅ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ የተጎዳ ሰው አለ?» ይበሉ። ቀጥለው «እንዴት ሆነ?»፣ መጨረሻም «እንዳይደገም ምን እናድርግ?» ብለው ይጠይቁ። ምክር ካስፈለገ በር ዘግተው ይምከሩ። በሰው ፊት የተዋረደ ሠራተኛ ስህተቱን አይተውም፤ መደበቂያውን ያሻሽላል።

ይህ ማለት ሁሉን ነገር ማለፍ አይደለም። ሳያውቁ መሳሳትና እያወቁ ገንዘብ ማጉደል ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን በዝምታ ካለፉ ታማኙን ሠራተኛ ይበድላሉ። ተደጋጋሚ ቸልተኝነትም በጊዜው መጠየቅ አለበት። ልዩነቱን ቡድኑ አስቀድሞ ይወቀው።

ኪስ ሲሳሳ ልብን የሚያበረታ ነገር

«ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ሰው ግን የሚሠራው ለእንጀራው ነው» ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው። ቃላት የቤት ኪራይ አይከፍሉም። በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ ዞን አንዳንድ አካባቢዎች የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ በመዘግየቱ ቤተሰቦች መቸገራቸው ተዘግቦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ገንዘቡን ከየትም አያመጣውም። እሱም ራሱ አልተከፈለውም።

በእጁ የቀረው አንድ ነገር አለ፤ እውነቱን በጊዜው መናገር። «ዛሬ ከወረዳ ያገኘሁት መረጃ ይህ ነው፤ ማክሰኞ እንደገና ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ማለት። ማክሰኞ ሲደርስም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «አዲስ ነገር የለም» ብሎ መናገር። መረጃ በሌለበት ቦታ ወሬ ይነግሣል። ቀጠሮውን ያከበረ አለቃ ገንዘብ ባይሰጥም ክብር ይሰጣል። በግል ድርጅትም እንዲሁ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ሠራተኛው ከጎረቤት ሱቅ ከሚሰማ ከእርስዎ ይስማ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የታወቀ ነው። በቡድንዎ ካሉት ወጣቶች አንዱ ልቡ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። «እዚህ መሥራት ካልፈለግህ በሩ ክፍት ነው» ማለት መሄጃውን ማፋጠን ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን መቻል እንደሚፈልግ ይጠይቁት። አንድ ሙሉ ሥራ ከመነሻው እስከ መጨረሻው በኃላፊነት ይስጡት፤ የሂሳብ መዝገቡን፣ የዕቃ ግዢውን ወይም የአዲስ ሠራተኛ ማለማመዱን። ሥራው ሲያምር የሠራውን በስሙ ጠርተው ያመስግኑ። «ጎበዝ» ከማለት «ትናንት ያን የተናደደ ደንበኛ በትዕግሥት ያስተናገድክበት መንገድ ደስ ብሎኛል» ማለት ይበልጣል። እንዲህም ሆኖ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ሳያሳውቅ በድንገት አይጠፋም፤ በሥራ ላይ እያለም ግማሽ ልቡን ይዞ አይቀመጥም።

ከቢሮ ወደ ቤት

አለቅነት ቢሮ ላይ የሚወልቅ ካፖርት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲፈራው ያደረገ አባት ወይም እናት፣ ማታ ቤት ሲገባ ልጆቹ በግልጽ እንዲያወሩት መፈለጉ ከንቱ ምኞት ነው። የወደቀችበትን ፈተና የደበቀች ልጅና የተሳሳተ መጠን ጽፋ የደበቀች ፋርማሲስት ምክንያታቸው አንድ ነው። ሁለቱም የመጀመሪያዋን ቃልዎን ፈርተዋል።

ስለዚህ ልምምዱን ከፈለጉ ከቤት ይጀምሩት። ዛሬ ማታ ማዕድ ላይ ልጆችዎን «በዚህ ቤት ውስጥ የሚያስቸግራችሁ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ምናልባት የቴሌቪዥን ድምፅ፣ ምናልባት እርስዎ ስልክዎን እያዩ የሚሰሟቸው መሆኑ ይሆናል። አንዷን መርጠው በዚህ ሳምንት ያስተካክሉ። ሰኞ ደግሞ ያንኑ ጥያቄ ለቡድንዎ ይዘው ይሂዱ።

ፈጣን ለውጥ አይጠብቁ። የመጀመሪያው ወር ላይ ሰዎች ይፈትኑዎታል። አንዱ ትንሽ ቅሬታ ወርወር አድርጎ ፊትዎን ያያል። ካልተቆጡ ሌላው ትንሽ ከበድ ያለውን ያነሣል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ከኋላ አንዲት እጅ ትነሣለች፤ «እኔ ይህ እቅድ የሚሠራ አይመስለኝም» ትላለች ባለቤቷ። ቤቱ ፀጥ ብሎ እርስዎን ያያል። ቁጣዎን ዋጥ አድርገው «እሺ፣ አስረጂን» ይበሏት።